ለማን፣ መቼ፣ በምን ቃል፦ ሁለቱንም ጾታ ለሚወዱ የተጻፈ መመሪያ

ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ባሰባሰበው መረጃ ራሳቸውን ጌይ፣ ሌዝቢያን፣ ባይሴክሹዋል ወይም ትራንስጀንደር ካሉት አዋቂዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ባይሴክሹዋል ናቸው፤ ሴትንም ወንድንም መውደድ የሚችሉ ማለት ነው። ፒው የምርምር ማዕከል በ2019 ያወጣው አኃዝ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። ከጌይና ከሌዝቢያን 100 ሰዎች 75ቱ «በሕይወቴ ትልቅ ቦታ ያላቸው ሰዎች ሁሉም ወይም አብዛኞቹ ያውቁልኛል» ሲሉ፣ ከባይሴክሹዋሎቹ እንዲህ ያሉት 19 ብቻ ነበሩ። በቁጥር የሚበልጡት እነሱ፣ ዝም የሚሉትም እነሱ።

ምክንያቱ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ሚስት ያለውን ወንድ ማንም አይጠይቀውም። ከሴት ጋር የምትኖረውን ሴት ደግሞ ሰዉ በራሱ ጊዜ «ሌዝቢያን ናት» ብሎ መድቦ ጨርሷል። ሰው የሚያየው ዛሬ አጠገብዎ ያለውን ሰው ነው፤ የቀረውን ካልተናገሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በተናገሩ ቀን ደግሞ ከሐበሻ ቤተሰብ አንድ የማይቀር ጥያቄ ይመጣል፦ «ሁለቱንም የምትወድ ከሆነ ታዲያ ለምን ሴቷን አትመርጥም?» ለዚህ መልስ ሳያሰናዱ እናትዎ ዘንድ አይሂዱ። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ቀድመው መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ።

በቅድሚያ፦ ያሉት የት ነው?

ኢትዮጵያ ውስጥ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ተመሳሳይ ጾታ ባላቸው ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት በቀላል እስራት ያስቀጣል፤ ሕጉ ከባድ በሚላቸው ሁኔታዎች ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው። አከራይ፣ አሠሪና የሰፈር ጎረምሳ ግን በድርጊትና በስሜት መካከል ያለውን ልዩነት ቆሞ አያጣራም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአዲስ አበባ አስተዳደር የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መጀመሩን ሲያስታውቅ፣ በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰዎችን ፎቶና መኖሪያ እየለጠፉ ለጥቃት የሚጋብዙ ቪዲዮዎች ይዞሩ ነበር። ስለዚህ አገር ቤት ላለ አንባቢ ምክሬ አጭር ነው። በጽሑፍ፣ በድምፅ መልእክትም ሆነ በፎቶ ምንም ነገር አይተዉ። መናገር ግድ ከሆነብዎ ለአንድ ሰው፣ በአካል፣ ስልክ በሌለበት ይሁን። አለመናገር ውሸት አይደለም፤ ማንም የዚህ ዕዳ የለበትም።

ሳውዲ ዓረቢያ፣ ኤምሬቶች ወይም ኳታር በሰው ቤት የሚሠሩ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። የመኖሪያ ፈቃድዎ የተያዘው በአሠሪዎ ስም ነው፤ ስልክዎ በማንኛውም ሰዓት ማዳም እጅ ሊገባ ይችላል። እዚያ ሆነው ለማንም አይናገሩ፣ አብራዎት ለምታድረው ለአገርዎ ልጅም ቢሆን። ጠብ ሲነሳ መጀመሪያ የሚወጣው ይኼ ነው። ኮንትራት ያልቃል፤ የቀረው ካለቀ በኋላ ይታሰብበታል።

ከዚህ በታች ያለው ሕግ ከለላ በሚሰጥበት አገር ለሚኖሩ ነው፦ ለሲልቨር ስፕሪንግና ለአሌክሳንድሪያ፣ ለቶሮንቶ፣ ለለንደን፣ ለፍራንክፈርት፣ ለቴል አቪቭ ሰዎች። እነሱም ቢሆኑ ለጥምቀት ወይም ለዘመድ ሠርግ አዲስ አበባ ሲወርዱ ስልካቸውን ማጽዳትና የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ መተግበሪያዎችን ማጥፋት አለባቸው። የአሜሪካ ፓስፖርት መያዝ ከአንቀጽ 629 አያስጥልም።

ከራስ ጋር መጨረስ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ብዙ ሰው ዓመታት የሚያባክነው እዚህ ነውና። «ግማሽ በግማሽ ካልሆንኩ ባይሴክሹዋል አይደለሁም» የሚል ሐሳብ ካለዎ ይተዉት። ተመራማሪው አልፍሬድ ኪንዚ ገና በ1948 ባሳተመው ጥናት የሰዎችን ዝንባሌ ከ0 እስከ 6 ባለ መለኪያ ደርድሮ፣ ብዙዎች በሁለቱ ጫፎች መካከል እንደሚወድቁ አሳይቷል። ወደ አንዱ በብዛት፣ ወደ ሌላው አልፎ አልፎ መሳብም ያው ነው። ለማረጋገጥ ብሎ መሞከርም አያስፈልግም፤ ሴት የሚወድ ጎረምሳን «ሞክረህ አረጋግጥ» የሚለው የለም። ባለትዳር መሆንም የልብን ነገር አይሰርዝም።

ከራስዎ ጋር ጨርሰዋል የሚባለው፣ ሰው «እርግጠኛ ነህ?» ሲልዎ ሳይቆጡና ሳያብራሩ «አዎ» ማለት ሲችሉ ነው። እዚያ ካልደረሱ ለእናትዎ አይንገሩ፤ የእርስዎን ጥርጣሬ ይዘው ነው የሚከራከሩዎት።

ጓዳን ማየት

አሁን ደረቅ ወደሆነው ነገር እንምጣ። ቤቱ የማን ነው? የስልኩን ሒሳብ የሚከፍለው ማነው? መኪናው በማን ስም ነው? የትምህርት ክፍያውስ? መልሱ «የአባቴ» ከሆነ፣ የሚናገሩት ክረምት ሳይገባና ሴሚስተር ሳይጀመር ይሁን፣ ወይም ራስዎን እስኪችሉ ይቆዩ። እኔ መቆየቱን እመርጣለሁ። ጥሩ የሚባሉ ወላጆች እንኳ በመጀመሪያው ሳምንት የማይሉትን ይላሉ፤ ያን ሳምንት የሚያድሩበት ቦታ ሊኖርዎ ይገባል። የአንድ ወር የቤት ኪራይ የሚሆን ገንዘብ፣ በራስዎ ስም ብቻ በተከፈተ ሒሳብ ይቀመጥ። ከዕቁብ ጋር የተነካካ ሒሳብ እንዳይሆን፤ ዕቁብ ሰብሳቢዋ አክስትዎ ልትሆን ትችላለች።

ወረቀት ሁለተኛው ነው። ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ግሪን ካርድ ወይም የሥራ ፈቃድ እናትዎ ሻንጣ ውስጥ ከሆነ፣ ንግግሩ ከመምጣቱ በፊት ወደ እርስዎ ይምጣ፤ «ሥራ ቦታ ጠየቁኝ» ቢሉ በቂ ነው። የመኖሪያ ፈቃድዎ በትዳር ጓደኛዎ ወይም በወላጅዎ ማመልከቻ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ደግሞ አስቀድመው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ቀዳዳ አለ። አሜሪካ ውስጥ እስከ 26 ዓመት በወላጅ የጤና ኢንሹራንስ መቆየት ይቻላል። ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ከሄዱ ወይም ምርመራ ካደረጉ ግን ኢንሹራንሱ ስለ ክፍያው የሚልከው ደብዳቤ የሚደርሰው ለኢንሹራንሱ ባለቤት ነው። ደብዳቤው በሌላ አድራሻ ወይም በኢሜይል ለእርስዎ ብቻ እንዲላክ ኢንሹራንሱን መጠየቅ ይችላሉ፤ ያለዚያ አደጋ ላይ እወድቃለሁ ብለው ካመለከቱ ጥያቄውን የመቀበል ግዴታ አለበት። ቤተሰቡ በጋራ በሚጠቀምበት የስልክ ፕላን ላይ የሚገኙበትን ቦታ የሚያሳይ ነገር በርቶ እንደሆነም ያረጋግጡ።

የመጀመሪያው ሰው

የመጀመሪያውን ሰው ሲመርጡ «ይቀበለኛል ወይ?» የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «አፉ ይይዛል ወይ?» የሚለው ነው። ደግ ሆኖ አፉ የማይይዝ ሰው ብዙ ነው። ያቺ የአጎትዎ ልጅ የሌላ ሰው ምስጢር ነግራዎት ታውቃለች? «ለአንተ ብቻ ነው» እያለች ስለ እገሊት ፅንስ ወይም ስለ እገሌ ፍቺ ያወራችልዎ ከሆነ፣ የእርስዎንም ለሌላ ሰው «ለአንተ ብቻ» ትለዋለች። የሐበሻ ወሬ በሰንበቴ፣ በለቅሶ ቤት፣ በዕድርና በቫይበር ግሩፕ አድርጎ ከሜሪላንድ ደሴ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው ከማኅበረሰቡ ውጭ ቢሆን ይሻላል፤ የሥራ ባልደረባ፣ የኮሌጅ ጓደኛ ወይም ፈቃድ ያለው ባለሙያ። ባለሙያ የነገሩትን ለሌላ እንዳያወራ ሕግ ያስገድደዋል፤ የነፍስ አደጋ ካልመጣ በቀር። ቦስተን ውስጥ ከ1985 ጀምሮ የሚሠራ የባይሴክሹዋሎች የመረጃ ማዕከል አለ፤ እንዲህ ያሉ ቡድኖችን ማነጋገር ይቻላል። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አስቀምጠው አሜሪካ ያሉ 988 ይደውሉ፤ ሌላው ሁሉ ይቆያል።

ለመጀመሪያው ሰው ሲናገሩ ዋናው ነገር ቃሉን ከአፍ ማውጣት ነው። በአማርኛ ካስቸገረዎ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ይናገሩት። ከዚያ ግን በአማርኛ ይለማመዱ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥም ቢሆን፤ ለእናትዎ የሚነግሩት በአማርኛ ነው፣ የመጀመሪያው ሙከራዎ እሳቸው ፊት መሆን የለበትም።

የትዳር ጓደኛ ካለዎ

ባል፣ ሚስት ወይም እጮኛ ካለዎ ከወላጅ በፊት መስማት ያለበት እሱ ወይም እሷ ነው። ለሚስት ከአማት አፍ የሚደርስ ዜና ከዜናው በላይ ያቆስላል።

ሦስት ጥያቄ ይጠብቁ። አንደኛው «ልትተወኝ ነው?»፣ ሁለተኛው «እስከ ዛሬ እያታለልከኝ ነበር?»፣ ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይነገረው፣ «በሽታ አምጥተህብኛል?» የሚለው ነው። ሦስቱንም ሳይጠየቁ ይመልሱ። ሁለቱንም ጾታ መውደድ ማለት ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መፈለግ አይደለም፤ ቀይም ጠይምም የሚወድ ወንድ ሁለት ሚስት አያገባም። ይህን ለማለት ግን እውነት መሆን አለበት። በትዳሩ ውስጥ ሌላ ሰው ኖሮ ከነበረ ጉዳዩ መማገጥ ነው፤ በመማገጥ ስም ይነገር። «እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ስለሆንኩ ነው» ብሎ መማገጥን በዝንባሌ ማሳበብ ለትዳሩም አይበጅ፣ ለሌሎቹ ባይሴክሹዋሎችም ስድብ ነው። ለሦስተኛው ጥያቄ ቃል አይበቃም። ሁለታችሁም አብራችሁ ሄዳችሁ ተመርመሩና ወረቀቱን አብራችሁ እዩ።

ከዚያ ጊዜ ይስጡ። ሚስትዎ ለማን መናገር እንደምትችል አብረው ይወስኑ፤ «ለማንም እንዳትናገሪ» ብሎ ማሰር እርስዎ የኖሩበትን እስር ለእሷ ማስተላለፍ ነው። አንድ የምታምናት ጓደኛ ትምረጥ።

እናትና አባት

ከወላጅ በፊት እህት ወይም ወንድም ቢያውቅ መልካም ነው፤ ለመሸምገል ሳይሆን ከርስዎ በኋላ እናትዎ ዘንድ የሚቀመጥ ሰው እንዲኖር። እናት ከዚያ ንግግር በኋላ ብቻዋን ማደር የለባትም።

ቀኑ። በፋሲካ፣ በሠርግ ሳምንት፣ በክርስትና፣ በለቅሶ ሰሞን አይሁን። የጾም ወራት ስሜት የሚከብድበት ቤት ካለ ከጾሙ ውጭ ይሁን፤ የሙስሊም ቤተሰብ ከሆነም ረመዳን ይለፍ። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት አይሁን። መኪና ውስጥ እያሽከረከሩም አይሁን፤ ሃይዌይ ላይ «ምን አልክ?» ሲባሉ ወዴት ሊዞሩ ነው? ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁለታችሁ ብቻ፣ ቤት ውስጥ። አዲስ ፍቅረኛዎን ይዘው አይሂዱ፤ እናትዎ ስለ እርስዎ ሳይሆን ስለዚያ ሰው መጨነቅ ይጀምራሉ፣ ጥፋቱም የዚያ ሰው ይሆናል።

አነጋገር። የኛ ሰው «አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» የሚለውን ከመርዶ ለይቶ አይሰማውም። ስለዚህ መጀመሪያ መርዶ አለመሆኑን ይንገሩ፦

«እማዬ፣ የምነግርሽ ነገር አለኝ። አልታመምኩም፣ ከሥራም አልወጣሁም፣ የሞተ ሰው የለም። ስለ ራሴ ነው። እኔ ሴትም ወንድም መውደድ የምችል ሰው ነኝ። ካወቅሁት ቆይቻለሁ። የነገርኩሽ ከሰው ሳይሆን ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው።»

ይኸው ነው። ባይሴክሹዋል የሚለውን ቃል ለጊዜው ቢተዉት ምንም አይጎድልም፤ እናትዎ በቴሌቪዥን ከሰሙት ነገር ጋር ያገናኙታል። አገር ቤት የተለመደውን የስድብ ስም ግን ራስዎ ላይ አይለጥፉ፤ እርስዎ ካሉት እሳቸውም ይሉታል። ከተናገሩ በኋላ ዝም ይበሉ። ዝምታው ይረዝማል። አይሙሉት።

ከዚያ የሚመጣው አንዱ «ፈረንጅ አገር ነው ያመጣብህ» ነው። ስለ ታሪክ ክርክር አይግቡ። «እማዬ፣ ገና እዚያው ሰፈር ሳለሁ አውቀው ነበር፤ ለመናገር ነው እዚህ እስክመጣ የቆየሁት» እውነት ከሆነ ይበቃል። ውጭ አገር ተወልደው ያደጉ ከሆነ ይህም መልስ የለዎትምና ይለፉት።

ሌላው «ሰው ምን ይላል?» ነው። ይህን አይናቁ፤ ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ይቆጣሉ። እርስዎ ዛሬ ተናግረው ቀለል ሲልዎ፣ እናትዎ ከነገ ጀምሮ በማኅበርና በለቅሶ ቤት «ልጅሽ አላገባም እንዴ?» የሚል ጥያቄ ብቻቸውን ይጋፈጣሉ። ምን እንደሚመልሱ አብረው ያዘጋጁላቸው፦ «እሱ በራሱ ጊዜ ይንገራችሁ» የምትል አንዲት አረፍተ ነገር ብዙ ትሸከማለች። ለማን መቼ እንደሚናገሩም እሳቸው ይወስኑ። ኒው ዮርክ ውስጥ ጂን ማንፎርድ የተባሉ መምህርት በ1972 ከልጃቸው ጋር አደባባይ ወጥተው ከተሰለፉ በኋላ በ1973 የወላጆችን ስብስብ የመሠረቱት ለዚሁ ነው። ፒፍላግ ይባላል፤ ዛሬ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ቅርንጫፍ አለው። እናትዎ ወዲያው ይሄዳሉ ብለው ባይጠብቁም፣ አድራሻው እጅዎ ላይ ይኑር።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። «እሺ፣ ሁለቱንም ከሆነ፣ ሴቷን ምረጥና ተገላገል።» ለእናትዎ ይህ ጭካኔ አይደለም፤ የተዘጋ በር መካከል ያገኙት ስንጥቅ ነው። እርስዎም ዕንባቸውን ለማቆም ብለው «ምናልባት ሴት አገባ ይሆናል» ለማለት ይፈተናሉ። እንዲያውም ሐሰት ላይሆን ይችላል። ግን አይበሉት። ያቺን ቃል ከሰጡ፣ ሰኞ ጠዋት የባሕር ዳር ዘመድ ስልክ ይደወላል፤ «የጥሩ ሰው ልጅ አለች» ተብሎ ፎቶ በቴሌግራም ይመጣል። ከዚያ በኋላ ወንድ ይዘው ቢመጡ ቃል ያጠፉ ይሆናሉ። ይልቅ እንዲህ ይበሉ፦

«የማገባውን ሰው እመርጣለሁ። ማንን መውደድ እንደምችል ግን አልመረጥኩም። ማንን እንደማገባ ዛሬ አላውቅም፤ ሳውቅ መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ ነሽ።»

ደፋር ከሆኑ «አባዬን ስታገቢ ሌላውን ሰው ሁሉ የሚያይ ዓይንሽ ጠፋ እንዴ?» ብለው ማከል ይቻላል። የትኛዋ እናት ይህን ሰምታ እንደምትስቅ፣ የትኛዋ ነጠላዋን ይዛ እንደምትነሳ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

አባት። በብዙ ቤት አባት የሚሰማው በእናት በኩል ነው፤ ይህን ልማድ ለመስበር ጊዜው አሁን አይደለም። ሲነሱ ግን «ለአባዬ አንቺ ትነግሪዋለሽ ወይስ እኔ?» ብለው ይጠይቁና መልስ ሳይዙ አይውጡ። መልስ ያልተሰጠበት ነገር እናትን ለወራት ያስጨንቃታል። አባትዎን አንቱ ብለው ካደጉ፣ በዚህም ቀን አንቱ ይበሏቸው፤ አክብሮቱ ስለ ብዙ ነገር ይመልሳል።

ሃይማኖት በመጣ ጊዜ ጥቅስ ለጥቅስ አይግጠሙ። ቢያሸንፉም ይሸነፋሉ። እናትዎ ለንስሐ አባታቸው ኀዘናቸውን መንገር መብታቸው ነው፤ ካህኑን፣ ፓስተሩን ወይም ሼኩን ሳያስፈቅዱ እርስዎ ላይ ማምጣት ግን አይደለም። ይህን በዚያው ቀን በትሕትና ይናገሩ። ጠበል በገዛ ፈቃድ መጠመቅ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ታስረው ወይም ተታለው መወሰድ ሌላ ነው። በድንገት «አያትህ ታማለች፣ ሁላችንም አገር ቤት እንሂድ» የሚል ጉዞ ከተናገሩ በኋላ ባሉት ወራት ከመጣ፣ አያትዎን በቪዲዮ ሳያነጋግሩ ቲኬት አይቁረጡ። ካናዳ ከጥር 2022 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) የሰውን የፆታ ዝንባሌ «ለመለወጥ» ማስገደድን ወንጀል አድርጋለች፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ለዚሁ ብሎ ከአገር ማውጣትም ያስቀጣል። ብሪታንያ ደግሞ በውጭ አገር በግድ ሊዳሩ የሚወሰዱ ዜጎችን ጉዳይ የሚከታተል የመንግሥት ክፍል ከ2005 ጀምሮ አላት።

ጥገኝነት ለጠየቁ

ይህን ለብቻው ያነሳሁት ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ነው። አንዳንድ «አዋቂ» አማካሪዎች ባይሴክሹዋል የሆነን ሰው «ጌይ ነኝ በል፣ ይቀልሃል» ይሉታል። አይቀልም። ነገ ሴት ቢያገቡ፣ ወይም የአገር ቤት ልጅዎን ለማምጣት ቢያመለክቱ፣ የመጀመሪያው ቃልዎ ሐሰት ይሆንና የቆሙበት ሁሉ ይናዳል።

ባይሴክሹዋል መሆንን ማስረዳት ግን በእርግጥ ይከብዳል፤ ይህን ማወቅ ለመዘጋጀት ነው። ሬይ ፉለር የተባለ ጃማይካዊ ጉዳይ ቺካጎ በሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2016 ታይቶ ነበር። የኢሚግሬሽን ዳኛው ባይሴክሹዋል መሆኑን አላመኑትም፤ ሴት ማግባቱም ካለማመናቸው ጋር ተያይዟል። ከሦስቱ የይግባኝ ዳኞች ሁለቱ ውሳኔውን ሲያጸኑ፣ ሦስተኛው ዳኛ ሪቻርድ ፖስነር የኢሚግሬሽን ዳኛው ባይሴክሹዋል ምን ማለት እንደሆነ አልገባቸውም ብለው በልዩነት ጻፉ። እንግዲህ ጋብቻና ልጆች ካሉዎ አይደብቋቸው፤ ራስዎ አንስተው፣ ከወንዱም ከሴቷም ጋር የነበረዎትን ታሪክ በጊዜ ቅደም ተከተል ያስረዱ። አሜሪካ ውስጥ ማመልከቻው በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም አይተማመኑባቸው። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ2014ቱ የሉክሰምበርግ ፍርድ ወዲህ ባለሥልጣናት የግል ድርጊት ቪዲዮ ወይም «ምርመራ» በማስረጃነት ሊቀበሉ አይችሉም፤ ማንም ቢጠይቅዎ እምቢ ይበሉ። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2010 «ተደብቀህ ኑር» ተብሎ ጥገኝነት መከልከል እንደማይቻል ወስኗል።

አስተርጓሚውን ይምረጡ። በአካባቢው ኮሚዩኒቲ የሚታወቅ ሰው ከመጣ፣ ወይም ስድብ የሆነ ቃል ተጠቅሞ ሲተረጉምዎ ከሰሙ፣ ይቀየርልኝ ማለት ይችላሉ፤ ቃለ መጠይቁ መሐል ላይም ቢሆን።

ሥራ ቦታ

ይህ ከቤተሰቡ ይቀላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2020 ቦስቶክ በተባለው ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት አሠሪ በፆታ ዝንባሌ ምክንያት ሠራተኛ ሊያባርር አይችልም። እንግሊዝ የ2010 የእኩልነት ሕግ፣ ጀርመን የ2006ቱ፣ እስራኤል ደግሞ በ1992 የተሻሻለው የሥራ እኩልነት ሕግ አሏቸው። ስብሰባ ጠርቶ ማወጅ አያስፈልግም፤ ወሬ ሲመጣ «የቀድሞ ፍቅረኛዬ እሱ ነበር፣ አሁን ከእሷ ጋር ነኝ» ማለት በቂ ነው። የሐበሻ ሱቅ ወይም ሬስቶራንት የሚሠሩ ከሆነ ግን ሕጉ ወረቀት ላይ ቢኖርም ወሬው በዚያው ቀን እናትዎ ቤት ይደርሳል፤ እዚያ ከቤተሰብ በኋላ ይሁን።

ፌስቡክና ቲክቶክ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ፖስት ከማድረግዎ በፊት የአገር ቤት ዘመዶችዎን ስም ከገጽዎ ጋር የሚያገናኘውን ይፍቱ፤ ስድቡና አደጋው የሚያርፈው አዲስ አበባ ያለችው እህትዎ ላይ ሊሆን ይችላል። የባይሴክሹዋሎች ቀን ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 23 ይከበራል፤ በኛ አቆጣጠር ብዙ ጊዜ መስከረም 13፣ በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል። ማይክል ፔጅ በ1998 የሠራውን ሮዝ፣ ወይን ጠጅና ሰማያዊ የባይሴክሹዋሎች ባንዲራ ለመስቀል የሚጓጉ ካሉ የሚያምር ቀን ነው፤ ቤተሰቡ ደመራ ላይ አበባ ሲጥል መጀመሪያ በፌስቡክ ካየው ግን አያምርም።

ወሬው ከቀደመዎ

አንዳንዴ ሌላ ሰው ይናገርብዎታል። እንዲህ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ለወላጅዎ ይደውሉ፣ ረዥም ንግግር ግን አይሞክሩ። «ስለ እኔ የሰማሽው እውነት ነው፣ ነገ መጥቼ ራሴ አስረዳሻለሁ፣ እስከዚያ ለማንም አትመልሽ» በቂ ነው። የተለጠፈውን ሁሉ ከነቀኑና ከነስሙ በስክሪን ፎቶ ያስቀምጡ፣ ለመድረኩ ሪፖርት ያድርጉ፤ ማስፈራሪያ ካለበት ለፖሊስ። ገንዘብ ካልከፈልክ እናገራለሁ የሚል ካለ አይክፈሉ፤ የከፈለ እንደገና ይጠየቃል።

ከዓመት በኋላ

ባይሴክሹዋል ሰው አንድ ጊዜ ተናግሮ አይጨርስም። ወንድ ከሆኑና ለቤተሰብ ከተናገሩ በኋላ ሴት ካገቡ፣ እናትዎ «ተመስገን፣ ዳነ» ይላሉ፤ ዘመዱም ያንን ቅዳሜ ከሰዓት እንዳልነበረ ያደርገዋል። ሴት ከሆኑና ከሴት ጋር ከሆኑ ደግሞ «ወንድ መውደዷ ድሮም ውሸት ነበር» ይባላል። ሁለቱም ላይ ሳይጣሉ አንድ ጊዜ ያርሙ፦ «እማዬ፣ አልዳንኩም፤ አልታመምኩም ነበርና። ያው ነኝ፣ የመረጥኳት እሷን ነው።» ያቺ እሷ ደግሞ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማው ከአማቷ መሆን የለበትም። ሽማግሌ ከመላክዎ በፊት ነግረዋት ይሁን።